ማጠፊያው ላልቷል ወይስ ሲባጎው ተበጥሷል?

እስኪ ሁላችሁም የአንድ እግራችሁን ጫማና ካልሲ አውልቁ። አሁኑኑ! ካፌ ውስጥ የተቀመጣችሁም ብትሆኑ ከጠረጴዛ ስር ማን ያያችኋል? ሰሞኑን ስለ ቁርጭምጭሚት አንድ ነገር ገብቶኝ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ለማስረዳት ደግሞ ከራሳችሁ እግር የተሻለ መማሪያ የለም።

በእግራችሁ የውጭ ጎን ጉብ ያለውን አጥንት ዳስሱ። ከጉልበት ስር ተነስቶ እስከ ታች የሚወርደው ቀጭን አጥንት መጨረሻው እሱ ነው። አሁን ጣታችሁን ከጉብታው ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ታች አንሸራቱት። ለስለስ ያለች ጎድጎድ ያለች ቦታ አገኛችሁ? እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከቆዳው ስር፣ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ የምትረዝም አንዲት ጅማት አለች። «እግሬን ወለም አለኝ» ብሎ እያነከሰ ቤቱ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳችበት እሷ ናት። ይህችን የምታክል ነገር ያን ሁሉ ስቃይ!

እንግዲህ አንድ ሰው ደረጃ ስቶት ወይም ኳስ ሲጫወት እግሩ ሲጠመዘዝ፣ የተሰበሰበው ሰው የሚከራከረው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ወለምታ ነው፣ በሁለት ቀን ይተወዋል» ይላል አንዱ። «የለም፣ ጅማቱ ተበጥሷል» ይላል ሌላው። ሁለቱም ማስረጃ የሚያቀርቡት ከእብጠቱና ከሕመሙ ነው። እኔም ይህን ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን የገባኝ ግን እብጠቱም ሕመሙም መልሱን እንደማይሰጡ ነው። መልሱን የሚሰጠው «ይህ እግር የትኛው ሥራ አቃተው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ለማየት የሰፈራችንን የቆርቆሮ የግቢ በር አስቡት። በሩን ከቋሚው ጋር አጣብቆ የያዘው ማጠፊያ ነው። መቀርቀሪያው ላይ ደግሞ ሲባጎ ታስሯል፤ ሰው ሲያንኳኳ ከቤት ሳንወጣ ሳብ እናደርገውና ይከፈታል። ማጠፊያው ይይዛል፤ ሲባጎው ይስባል። ማጠፊያው የተነቀለ በር ሲባጎው ደህና ስለሆነ መቀርቀሪያው ይከፈታል፣ በሩ ግን ይወላገዳል። ሲባጎው የተበጠሰ በር ደግሞ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው፤ ማንም ቢያየው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል፤ ብትስቡት ግን መቀርቀሪያው አይነቃነቅም።

ቁርጭምጭሚታችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አሉ። አጥንትን ከአጥንት አስሮ የሚይዘው ጅማት ማጠፊያው ነው፤ ሐኪሞች ሊጋመንት ይሉታል። ጡንቻን ከአጥንት አያይዞ የሚስበው ጅማት ሲባጎው ነው፤ እሱን ቴንደን ይሉታል። ለዛሬ «አሳሪ» እና «ሳቢ» እንበላቸው። አሳሪው ሲበጠስ እግሩ መሳብ ይችላል፣ መጽናት ግን ያቅተዋል። ሳቢው ሲበጠስ እግሩ ጸንቶ ይቆማል፣ መግፋት ግን ያቅተዋል። እኔ በበኩሌ ነገሩ የበራልኝ እዚህች ላይ ነው! ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእግርን ይዞታና የእግርን ጉልበት ለየብቻ መፈተሽ ነው።

ከአሳሪው እንጀምር። ወለምታና መበጠስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አይደሉም፤ የአንድ ጉዳት ደረጃዎች ናቸው። ጅማቱ የተሠራው ጎን ለጎን ከተደረደሩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው። ተለጥጠው በዓይን የማይታዩ ጥቂቶች ብቻ ሲበጠሱ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ ገሚሱ ሲበጠስ ሁለተኛ፤ ጭራሽ ለሁለት ሲከፈል ሦስተኛ። ስለዚህ ሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ስለ ጅማት፣ ሌላው ስለ ሌላ ነገር እያወሩ አልነበረም። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያችው ጎድጓዳ ውስጥ ስላለችው ጅማት ነው፤ ልዩነታቸው ስንት ክር ተረፈ በሚለው ላይ ነው።

ለምን ግን አብዛኛውን ጊዜ የውጭው ጎን? ለምንስ ቁልቁለት ስንወርድ? ይህን በእግራችሁ ላሳያችሁ። በሁለቱ ጎን ጉብታዎች መካከል፣ ከተረከዝ በላይ፣ የተሰካ አንድ አጥንት አለ። ከላይ ቢታይ የፊቱ ክፍል ሰፊ፣ የኋላው ጠባብ ነው። ቁጭ ብላችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ቀና አድርጉና በእጃችሁ ተረከዛችሁን ወደ ግራና ቀኝ ለማወዛወዝ ሞክሩ። እምቢ አለ አይደል? ሰፊው ክፍል በጉብታዎቹ መካከል ገብቶ ጠብቋል። አሁን ጣቶቻችሁን ወደ ታች ዘርጉና ድገሙት። ላላ አለ! ጠባቡ ክፍል ስለመጣ ግራና ቀኙ ክፍተት አገኘ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከአሳሪዎቹ ሁሉ ደካማዋ ያቺ የፊቷ ጅማት የምትወጠረው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። አጥንቱ ይዞታውን በለቀቀበት ቅጽበት ጭነቱን የምትቀበለው ደካማዋ ናት ማለት ነው።

አሁን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን መንገድ፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚነጉደውን እግረኛ፣ በአሮጌው ሰፈር ውስጥ ያሉትን የድንጋይ ደረጃዎች አስቡ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ቤት ፈርሶ የሰፈሩ መልክ ቢለወጥም ቁልቁለቱ ግን የትም አልሄደም። ቁልቁለት ስንወርድ፣ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ዝቅ ስንል፣ እግራችን ጣቱን ወደ ታች ዘርግቶ ነው መሬት የሚፈልገው። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ደግሞ እግርን ቀኑን ሙሉ እንደተዘረጋ ያቆየዋል። ከኮብልስቶኑ መካከል የወጣች አንዲት ድንጋይ እግራችንን ወደ ውስጥ ካጠፈችው በቃ! መጀመሪያ የፊቷ ጅማት ትጎዳለች፤ ኃይሉ ከበረታ ከጉብታው ጫፍ ወደ ተረከዝ የምትወርደው ሁለተኛዋ ትከተላለች፤ የኋላዋ ሦስተኛ ከስንት አንዴ ነው የምትበጠሰው። በውስጥ በኩል ያለው አሳሪ ሰፊና ብርቱ ስለሆነ በቀላሉ አይነካም። ሕመሙ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መካከል ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ነውና ሐኪም ይየው፤ ለመዳንም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ወደ መለየቱ እንምጣ። በመጀመሪያው ቀን መመለስ ያለበት የጅማት ጥያቄ አይደለም፤ የአጥንት ነው። ለዚህ የሚሆን፣ የመሣሪያ ዕርዳታ የማይሻ ግሩም ዘዴ አለ። በካናዳዋ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ነው፤ ያወጡበትም ምክንያት እግሩን ወለም ያለውን ሁሉ ራጅ ማንሳት ቢሰለቻቸው ነው፤ ከሚነሳው ራጅ ስብራት የሚታይበት ጥቂቱ ብቻ ነበርና። የውጩንና የውስጡን ጉብታ ከጫፉ ጀምሮ እስከ 6 ሳንቲሜትር ወደ ላይ፣ በኋላ ጠርዙ በኩል አጥንቱን ራሱን ጫን ጫን አድርጉ። ከዚያ በእግሩ የውጭ ጠርዝ መሐል ላይ ጎልቶ የሚዳሰሰውን አጥንትና በውስጥ በኩል ከጉብታው ፊት ለፊት ያለውን አጥንት ጫኑ። በመጨረሻ አራት እርምጃ ይራመድ፤ ቢያነክስም እርምጃ ነው። ከአጥንቶቹ አንዱ ሲነካ ካመመው፣ ወይም እንደወደቀም፣ በኋላ ሲመረመርም አራት እርምጃ ካልቻለ፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ከሁለቱም ነጻ የሆነ አዋቂ ሰው ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ጣትና አራት እርምጃ! እግሩ ቅርጹን ከለወጠ፣ አጥንት ከወጣ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ ግን ምንም ሳይፈተሽ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

«ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም አሉኝ» የሚል ሰው ስትሰሙ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጅማት አይታይበትም። ጅማቱ ለሁለት ተከፍሎም ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ. ጅማትን ያሳያሉ፤ ኤም.አር.አይ. ግን ውድ ነው፤ ለአብዛኛውም ሰው አያስፈልግም። ለምን እንደማያስፈልግ ስሰማ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሐኪሙ የአሳሪውን ጤንነት የሚያውቀው በእጁ ነው። በአንድ እጁ ቅልጥሙን ይይዛል፣ በሌላው ተረከዙን ይዞ በዝግታ ወደ ፊት ይስበዋል። ጅማቱ ካለ ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል። ከተበጠሰ እግሩ ከጤናማው እግር ይልቅ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አንዳንዴም ከጉብታው ፊት ለፊት ቆዳው ስርጉድ ይላል። ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ይህ ምርመራ አያስኬድም። እግሩ አብጧል፣ ሰውዬው በሕመም ጡንቻውን ሁሉ ገትሯል፤ የተገተረ ጡንቻ ደግሞ የላላውን መገጣጠሚያ አጥብቆ ይይዘዋል። የሆላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለቱን ጊዜ አነጻጽረው አዩ። ያው ምርመራ ከአራት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ሲደረግ፣ የተበጠሰውን ካልተበጠሰው የመለየት ብቃቱ እጅግ ከፍ አለ። የጨመሩት መሣሪያ የለም። ትዕግሥት ብቻ! እብጠቱ ይሰክናል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ከተበጠሰው ቦታ የፈሰሰው ደም ደግሞ ወደ ቆዳ ወጥቶ ይታያል። በአምስተኛው ቀን ያቺ ጎድጓዳ ስትነካ የምታም ከሆነ፣ ቆዳው ከበለዘ፣ ተረከዙም ወደ ፊት ከተንሸራተተ፣ ጅማቷ ተበጥሳለች ማለት ይቻላል።

መበለዙ ወደ ተረከዝና ወደ ጣት ቢወርድ አትደንግጡ፤ ደሙ ቁልቁል ስለሚፈስ ነው። ሲጠመዘዝ «ጧ» የሚል ድምፅ መሰማቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሕመሙማ ጨርሶ ሊያሳስት ይችላል። ገሚሱ የቀረ ጅማት በእያንዳንዱ እርምጃ ይለጠጣልና ያሳብዳል፤ ጭራሽ የተበጠሰው የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው አንዳንዴ ሕመሙ ቀለል ይላል። የባሰበት ሰው ብዙም ላያመው ይችላል ማለት እኮ ነው!

አሁን ወደ ሲባጎው። እጃችሁን ከተረከዛችሁ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱና ወፍራሙን ጅማት በሁለት ጣት ያዙት። በሰውነታችን ካሉት ሳቢዎች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው እሱ ነው፤ የባት ጡንቻን ከተረከዝ ጋር ያገናኛል፣ አኪሊስ ይባላል። ሲበጠስ አብዛኛው ሰው «ማነው ከኋላ የመታኝ?» ብሎ ይዞራል። ማንም የለም። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ከተረከዙ ከ2 እስከ 6 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ክፍተት ሊገኝ ይችላል።

ምርመራው ልብ የሚያሞቅ ነው፤ እርስ በርስ ሞክሩት። ጓደኛችሁ አልጋ ላይ በሆዱ ይተኛ፣ እግሮቹ ከአልጋው ጠርዝ ውጭ ይንጠልጠሉ። ምንም እንዳያደርግ ንገሩት። አሁን ባቱን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። እግሩ በራሱ ጣቱን ወደ ታች ዘረጋ! ሰውዬው አላዘዘውም፤ እናንተ ናችሁ ከላይ ሲባጎውን የሳባችሁት። ጅማቱ ከተበጠሰ ግን ባቱን ብትጨምቁት እግሩ ዝም ይላል። ሲሞንድስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፈው፣ ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊም ያስታወቀው ምርመራ ይኸው ነው፤ ዛሬም ድረስ አንደኛ ነው።

ይህን ለምን አጥብቄ እነግራችኋለሁ? አኪሊሱ የተበጠሰ ሰው መራመድ ስለሚችል ነው! ሌሎች ትናንሽ ሳቢዎች በውስጥና በውጭ ጉብታዎች ኋላ ያልፋሉ፤ እነሱ በደካማው እግሩን ወደ ታች ያንቀሳቅሱታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «ወለምታ ነው» ተብሎ ይመለሳል። የቅርጫት ኳሱ ኮቢ ብራያንት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2013 በጨዋታ መሐል አኪሊሱ ተበጠሰበት። ተነስቶ ሁለት የቅጣት ምት ወረወረ፤ ሁለቱንም አገባ፤ በራሱ እግር ከሜዳ ወጣ። አኪሊሱ የተበጠሰ ሰው የማይችለው በዚያ እግር ብቻ በጣቱ መቆም ነው፤ ለዚያ ትልቁ ሲባጎ የግድ ነው። የእግር ኳሱ ዴቪድ ቤካምም እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ጅማት ምክንያት ነው የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ያመለጠው።

ሳቢው ሳይበጠስም ሊታመም እንደሚችል ደግሞ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሻለ ምስክር የለንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ተፎካካሪውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው አኪሊሱ እያሠቃየው ነበር። ከዚያ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይም ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ያም ሆኖ አምስተኛ ወጣ። ጧት ከአልጋ ሲወርዱ የሚገተር፣ ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚብስ ሕመም እንዲህ ያለው ነው። መበጠስ ግን በአንድ ቅጽበት ይመጣል።

ከውጭው ጉብታ ኋላ የሚያልፉትን ሁለት ትናንሽ ሳቢዎችም አትርሱ። ሕመሙ ከጉብታው ፊት ሳይሆን ከኋላው ከሆነ፣ እግሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ካመመው፣ ወይም የሆነ ነገር ጉብታው ላይ ዘለል ሲል ከተሰማው፣ ወለምታ የተባለው ጉዳት የእነሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ላስገባው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰል ፀረ ተሕዋስያን የሳቢ ጅማትን መበጠስ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል። በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ሰዎች አደጋው ይጨምራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጡት፤ እየወሰዳችሁት ተረከዛችሁ ላይ ሕመም ከጀመራችሁም ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

ስለ ወጌሻም እናውራ። የእግር ኳስ ክለቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲጫወት ተጫዋች ሲወድቅ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ ሁላችንም ወጌሻ ነው የምንለው። የሰፈሩም ወጌሻ የብዙ ቤተሰብ ባለውለታ ነው። ሆኖም ትኩስ ጉዳትን በኃይል ማሸትና መጠምዘዝ እየደማ ያለውን ጅማት የባሰ ያደማዋል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ የሀገራችን ሐኪሞች ከጠበቀ እስር የተነሳ ደም ተቋርጦበት የተቆረጠ እጅና እግር ደጋግመው ጽፈዋል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከጨመረ እባካችሁ በዚያው ደቂቃ ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እግርን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማሳረፍ፣ በላስቲክ ፋሻ ሳያጠብቁ መጠቅለል ይበቃል።

ታዲያ መለየቱ ምን ይጠቅማል? ሕክምናቸው ስለሚለያይ ነዋ! የተበጠሰ አሳሪ፣ ሦስተኛ ደረጃውም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ድጋፍ ይደረግለታል፣ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መራመድ ይጀመራል። ስለዚህ አምስት ቀን መጠበቅ አይጎዳውም። ኤም.አር.አይ. የማያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ምስሉ የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው። አኪሊስ ግን አይጠብቅም። በቀዶ ጥገናም ይሁን ጣትን ወደ ታች ዘርግቶ በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ በማሰር፣ የተቆረጡት ጫፎች ሳይራራቁ መገናኘት አለባቸው። ባት ሲጨመቅ ዝም ያለ እግር በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሳሪው የዳነለት እግር ለምን ደጋግሞ ወለም እንደሚለው ልንገራችሁ። ጅማቶቹ ውስጥ እግራችን በየት በኩል እንዳዘነበለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ጅማቱ ሲበጠስ ወሬው ይቋረጣል፤ ጅማቱ ቢገጥምም እግሩ ማዘንበሉን ዘግይቶ ያውቃል። ይህን ማስተማር ይቻላል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ግድግዳ አጠገብ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፤ ሲለመድ ዓይን ጨፍኖ መቆም፤ ከዚያ ትራስ ላይ ቆሞ መሞከር። ዓይን ሲጨፈን እግሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ በየሳምንቱም መንቀጥቀጡ ሲቀንስ ታያላችሁ። ወደ ጃንሜዳ ተመልሶ ኳስ መምታት የሚፈልግ ሰው በዚያ እግር ዘሎ፣ በዚያው እግር ሳይወላገድ ማረፍ እስኪችል ይታገሥ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራትም የቁርጭምጭሚት ድጋፍ አድርጎ ይጫወት።